ሳንቲሟ ላይ የነበረው አሻራ

ያላመነኝ ይተወው። ፈጥሬ ያወራሁት ነገር የለም... ብፈጥርማ ኖሮ ራሴን እንዲህ አላዋርድም ነበር።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው። እኔ የምሠራበት ሙዚየም ምድር ቤት፣ አሮጌ ዕቃ የሚጠገንበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ክፍሉ የሁለታችን ነው፤ የእኔና የጋሼ ብሩሽ። ከደረት ኪሳቸው ብሩሽ ስለማይጠፋ ነው ስሙ የወጣላቸው። ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

በዚያ ሰሞን፣ ጉድጓድ ሲቆፈር የተገኙ ዘጠኝ ጥንታዊ ሳንቲሞች መጥተውልን ነበር። ጭቃው ደርቆባቸው ድንጋይ መስለዋል። ይጸዱ ወይስ እንዳሉ ይቀመጡ? ጋሼ ሦስት ቀን ሙሉ በማጉያ መነጽር እያዩ መወሰን አቃታቸው።

ያስቸገረቻቸው አንዷ ሳንቲም ናት።

ጭቃዋ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጥርት ያለ። ጭቃው እርጥብ ሳለ አንድ ሰው ጨብጧት ነበር ማለት ነው... ከስንት መቶ ዓመት በፊት።

"ይቺን እንዳትነኪያት ልጄ" አሉኝ፣ ሰው የሚሰማቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይሄ ቆሻሻ አይደለም። ሰው ነው።"

ኃላፊያችን ግን ሐሙስ እንግዶች ስላሉባት ቸኩላለች። ኮሪደር ላይ ያዘችኝና፣

"ሽማግሌው እስኪወስኑ እኛም ልናረጅ ነው። አንቺ እጅሽ ፈጣን ነው አይደል?" አለችኝ።

እውነቱን ልናገር... ልቤ አበጠ።

ጋሼ ምሳ ወጡ። ስምንቱን ትቼ እሷኑ አነሳሁ። ለምን እሷን? አትንኪ ስለተባልኩ ነው። ሌላ መልስ የለኝም።

በውሃ ብሞክር አልለቅ አለኝ። አሲድ ጠብ አደረግኩበትና በጥጥ ጠረግኩት።

አሻራው ጠፋ።

ጥጡን አየሁት... ንጹሕ ነው። የሳህኑ ውሃም ኩልል ያለ ነው። ያ ሁሉ ጭቃ የት ገባ?

ሳንቲሟን ወደ መብራቱ አስጠጋኋት። ሳንቲሟ ላይ የተቀረጸው የንጉሡ ፊት ከጭቃው ጋር ተልጦ ሄዷል። ጽሑፉም የለም። ልሙጥ መዳብ ብቻ።

ደግሞ ትሞቃለች። አሁን ከሰው መዳፍ የወጣች ነው የምትመስለው።

መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ መግቢያው ላይ ባለው የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ የአሻራ ማሽን ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

"እንደገና ይሞክሩ።"

ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩት።

"እንደገና ይሞክሩ።"

ቀና አድርጌ አየሁት... መስመር የለውም። አንድም! እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።

"እስቲ አሳዪኝ" አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ጋሼ ናቸው። እጄን ያዙ። አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ኃላፊዋ መሳቢያውን ከፈተችው።

"ማነው እንዲህ ያደረጋት?!" ጮኸች። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። ኮሪደር ላይ ያለችኝን ረስታዋለች።

አፌን ከፈትኩ...

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ። "እጄ ተንቀጠቀጠብኝ።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያ እጅ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

አፌን መልሼ ዘጋሁት። እንግዲህ ናቁኝ... ዘጋሁት።

በዚያው ሳምንት አሰናበቷቸው። ሲወጡ ማንም ከወንበሩ ብድግ አላለላቸውም። እኔም ጭምር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ረፋድ ላይ ቤታቸው ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው። ባለቤታቸው ከፈቱልኝ። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። በጣም ከስተዋል። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

"ጋሼ... ይቅር ይበሉኝ። ነገ ሄጄ እናገራለሁ።"

"ተነሺ፣ ተነሺ..." አሉ በሹክሹክታ። "ለማንም እንዳትናገሪ። 'እኔ ነኝ' ያለ ሰው ጋ ነው የሚመጣው።"

"ማን?"

በመልሱ ፈንታ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አውራ ጣታቸው... ልሙጥ ነው።

"ወጣት ሳለሁ እንዲህ አሻራ ያለባት ሳንቲም አጥቤ ነበር። አለቃዬ 'እኔ ነኝ' አሉልኝ" አሉ። "እኔም ዝም አልኩ።"

ባለቤታቸው በእርጥብ ጨርቅ መስኮቱን ይወለውላሉ። መስተዋቱ ላይ የጭቃ ጠብታ የመሰለ ነገር ነበር። ቢያሹት አልለቅ አላቸው። ለካ ከውጭ በኩል ነው! መስኮቱን ከፍተው እጃቸውን ወደ ውጭ ሰደዱ።

"ዛሬስ በዛ" አሉ፣ የአቧራ ነገር የሚያወሩ ያህል።

ደረጃውን ስወርድ ግን እናገራለሁ ብዬ ማልኩ። ሰኞ አለፈ። ሌላም ሰኞ አለፈ። አልተናገርኩም። ያስፈራኝ ሥራዬን ማጣት ይሁን ወይስ ያ የሚመጣው... እኔም አላውቅም።

የዚያን እሁድ ግን፣ ከቤታቸው እንደወጣሁ መንገዱን ተሻግሬ ቀና ብዬ ሕንጻውን አየሁት።

ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት ጀምሮ እስከ እሳቸው መስኮት ድረስ... የጭቃ አውራ ጣት አሻራዎች። አንዱ ከአንዱ በላይ።

ባለቤታቸው ከላይ ሆነው ይጠርጋሉ።

ከታች ደግሞ፣ ማንም በሌለበት፣ አንድ አዲስ ታተመ።