«ተነስ» እስኪባል

«ዳልጮዬ! ለማን ጥለኸኝ ሄድክ፣ ልጄን!»

አገርነሽ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። ዳልጮ አቡጄዲ ለብሶ አዳራሹ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቷል። የቀበሌው ኪነት ቡድን ለአብዮት በዓል የሚያሳየውን ትያትር እየተለማመዱ ነው፤ ዳልጮ ግንባር ላይ የወደቀ ወታደር፣ አገርነሽ እናቱ። በድርሰቱ የወታደሩ ስም ሌላ ነበር። ዳልጮ ግን ያ ስም በተጠራ ቁጥር «እሱ ማነው?» ብሎ ቀና እያለ ስላስቸገረ፣ በገዛ ስሙ ይለቀስለት ተባለ።

አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አእምሮው ነገር የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው፤ አንዴ ከያዘ ግን ወዲያ አይለቅም። ፈቃደ ወደሚመራው ቡድን ያመጣችው ጎረቤቱ አገርነሽ ናት። በቃል ቢነግሩት ስለሚጠፋው፣ አብራው ተኝታ፣ አብራው ትንፋሿን ይዛ አሳየችው። «ፈቃደ ‹ጓድ ተነስ!› እስኪል አትነሳም። እሺ?» «እሺ» አለ። ዳልጮ እሺ ካለ አለቀ።

ያላሰቡት የሰፈሩን ሰው ነው። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ለቅሶ ተሰምቶ ማን ቤቱ ይቀመጣል? መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እየጮኹ ገቡ። ከዚያ ገበያው ተነቅሎ መጣ። «ኧረ ትያትር ነው!» ብትል አገርነሽን ማን ሊሰማት! በለቅሶ መሃል የሚጮህ ሰው ምን አዲስ አለው። ፈቃደ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ መጋረጃው ኋላ ተሸጎጠ።

ወሬው ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ አትክልት ውስጥ የሚሠሩት እናቱ፣ እትዬ ማሚቱ ጋ ደረሰ። እግራቸው ጭቃ እንደሆነ ሰዉን ጥሰው ገብተው ልጃቸው ላይ ተደፉ። ያወጡት ድምፅ አማርኛም ጋሞኛም አልነበረም።

ዳልጮ ንቅንቅ አላለም። አገርነሽ ደረቱን አየች፤ አይወጣም፣ አይወርድም። ክው አለች። እኔ ያስተማርኩት ነው? ወይስ እውነት…?

«ተነስ!» ብላ ጮኸች። «ጓድ ተነስ!»

ዳልጮ አቡጄዲውን ገፎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

እልል ያለ ሰው አልነበረም። አዳራሹ ድሮ፣ ተዘግቶ ለቀበሌው ሳይሰጥ፣ ጸሎት ቤት ነበር፤ እንደዚያን ቀን ጸጥ ብሎ ግን አያውቅም። ከዚያ ሰዉ እየተጋፋ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ዳልጮን በስሙ መጥራት ተወ። ተለቅሶበታላ፤ በስሙ የተለቀሰበት እንደ ሙት ነው! ባለሱቋ ዳቦውን በእጁ አትሰጠውም፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ፈቀቅ ትላለች። ልጆች ጥላውን ላለመርገጥ ዘለው ያልፋሉ። እትዬ ማሚቱ የሚተኙት እጃቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ነው አሉ።

ፈቃደ አገርነሽን ጠራት። «ሟቹ ቦታ ጋቢ ጠቅልለን እናስተኛለን። ትያትሩ ቀረ በይው፤ አንቺን ያምናል።»

«ውሸት ነዋ!»

«አቦ ተይኝ! የሚመጡት እኮ የአውራጃ ጓዶች ናቸው። ሰዉ እሱን አይቶ ቢበረግግ ማን ይጠየቃል? እምቢ ካልሽ የእናትየውን ቦታ ለጽጌረዳ እሰጣለሁ።»

አገርነሽ ያንን ቦታ ስትመኝ ነው የከረመችው፤ የቡድኑ ሌላዋ ተዋናይ ጽጌረዳም እንደዚያው። ወደ ኩልፎ ወረደች። ዳልጮ ሙዝ ሥር ብቻውን ተቀምጧል።

«ዳልጮ፣ ትያትሩ…» ብላ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ሞቼ ነበር?» አላት።

«ኧረ ምን በወጣህ!»

«እማዬ አለቀሰች፤ ሰማሁ። ልነሳ ፈለግሁ። ‹ተነስ› አልተባለም። በጣም ቆየ። ሁሉም ይጠራኛል። ተነስ የሚለኝ የለም።»

ከዚያ አፉን ከፍቶ አለቀሰ። ድምፁ የእሱ አልነበረም፤ የእትዬ ማሚቱ ነበር። ያው መቆራረጥ፣ መሃል ላይ ያው የትንፋሽ ማጠር። ሙዙ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሥራቸውን ትተው አንድ በአንድ ቀና አሉ። አገርነሽ ከልቧ ፈራች። ግን እንዲህ አድርጋ አልቅሳ አታውቅም፤ ጽጌረዳም አትችልም።

ሲጨርስ ፊቱን ጠረገ። «እኔ ላልቅስ» አለ። «መተኛት አልፈልግም።»

ልትነግረው የመጣችውን ሳትነግረው ተመለሰች።

በማግስቱ ከሰዓት እጁን ይዛ አዳራሹ ገባች። ፈቃደ ፊቱን አጠቆረ። «ያልኩሽን አልነገርሽውም እንዴ?»

አገርነሽ የተጠቀለለውን ጋቢ ከምንጣፉ ላይ አንስታ ለጽጌረዳ አስታቀፈቻት። «ሟቿ እኔ ነኝ። ሴትም ትዘምታለች። አባትየው ዳልጮ ነው።»

«በማን ስም ሊያለቅስ?» አለች ጽጌረዳ።

«በእኔ። የማያውቀውን ስም አይጠራም።»

«በስምሽ? አገርነሽ፣ አብደሻል? ሰፈሩ ምን እንዳደረገው አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

ፈቃደ ሊቆጣ ተነሳ፤ ዳልጮ ትክ ብሎ ሲያየው ግን እንደ ሰፈሩ ሰው ፈርቶ ፈቀቅ አለ።

አገርነሽ ተጋደመች። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ በምንጣፉ ዘልቆ ጀርባዋ ገባ። አቡጄዲው ፊቷን ሲሸፍናት የሰዉ ድምፅ ራቀ። ነገ ሱቅ ስትሄድ ማን በእጇ እንደሚሰጣት አሰበች፤ እናቷንም አሰበች። አሁንም መነሳት ትችላለች።

ጆሮዋ አጠገብ የሰው ትንፋሽ ተሰማት።

«አትፍሪ» አላት ዳልጮ ቀስ ብሎ። «‹ተነሽ› የምልሽ እኔ ነኝ። አላቆይሽም።»

«ጀምር» አለችውና ዓይኗን ጨፈነች።