ከሞተሩ ውስጥ ያንኳኳው

እኔ ወዳጄ፣ የጅንና የከራማ ወሬ ሲነሳ ሻዬን ሳልጨርስ ከሻይ ቤት የምወጣ ሰው ነኝ። ደሴ ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው የሚፈራው አጭበርባሪ ደንበኛን እንጂ የማይታይ ነገርን አይደለም፣ የማይታይ ነገር ቢያንስ ዱቤ አይጠይቅም።

ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ የገበሬ ማኅበራቱ ሲፈርሱ፣ ገራዶ ሜዳ ላይ ቆሞ የዛገ ትራክተር ጨረታ ወጣበት፣ እኔም ደሴ ሆጤ ሰፈር የነበረችኝን ሱቅ ሸጬ ገዛሁት። ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ከተላቀቀ የቆቦ ገዢ ይጠብቀኛል፣ ካልተላቀቀ ሱቄን በቁርጥራጭ ብረት ለወጥኩ ማለት ነው፣ ሚስቴም ይህንኑ እራት በቀረበ ቁጥር ታስታውሰኝ ነበር።

ጌታቸው የሚባል መካኒክ ከኮምቦልቻ ይዤ ሄድኩ፣ አፉ ከእጁ የሚፈጥን ሰው ነው፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ጉብዝናው ሲያወራልኝ ደረስን። ትራክተሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ይመር ይባላሉ፣ የማኅበሩ ሾፌር የነበሩ ናቸው። በደርግ ጊዜ የማኅበሩ ሊቀመንበር ከፊት ያለውን የድሮ መቃብር እረስ ብሎ አስገደዳቸው፣ ገና ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ወዲህ ያስነሳው የለም፣ እንዲህ ብለው አወሩን። እኔ በሆዴ፣ ያለ ዘይት ነድቶ ሞተር ማቃጠልና በሙታን ማላከክ፣ ይህም ሙያ ነው አልኩ።

ጌታቸው ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ፒስተኖቹ ላይ አፈሰሰ፣ አድሮ ዝገቱን ይብላው ብለን ተውነው። በማግስቱ የሞተሩን ዘንግ በትልቅ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ይዘን፣ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተን ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት፣ እመነኝ፣ ቧንቧው ጎበጠ እንጂ ሞተሩ ንቅንቅ አላለም፣ የጌታቸው ጉብዝናም እዚያው አለቀ።

ይሄኔ ጋሽ ይመር በቀስታ፣ «ልጄ፣ ከሙታን ደጅ ዕቃ ስታነሳ አፉ በሉኝ ይባላል። ሰው ቤት ሳታስፈቅድ ትገባለህ?» አሉኝ። አፉ በሉኝ በእኛ አገር ይቅር በሉኝ ነው፣ ለሕያው ሰው እንኳ ቆጥቤ የምናገራት ቃል ናት። ንዴቱም ነበረኝ፣ ቁልፉን አነሳሁና የሞተሩን ጎን እንደ በር ሦስቴ አንኳኳሁ፣ «አፉ በሉኝ፣ ብረቴን ልወስድ ነው፣ ካልተስማማችሁ ቀበሌ ክሰሱኝ» አልኩ። ጌታቸው በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሳያልቅ ከውስጥ ተንኳኳ። ሦስቴ፣ ቀስ ብሎ፣ ከበር ኋላ ያለ ሰው ሰምቻለሁ እንደሚል። ብረት ፀሐይ ሲመታው ይንቋቋል ልል ነበር፣ ሰማዩ ግን ዳመና ነው። ጌታቸው ደንግጦ ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ዘንጉ ላይ ሲመልሰው፣ ያ ሁለት ሰው ያንጠለጠለ ሞተር፣ ወላሂ፣ በአንድ እጁ ዞረለት።

ገጣጥመን፣ ባትሪ አምጥተን አስነሳነው። ወደፊት ማርሽ ሲገባ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ጋሽ ይመር ከድንጋያቸው ተነሱና፣ «ወደኋላ ሞክረው። ያኔም ወደኋላ ልመልሰው ብዬ ለምኜ ነበር» አሉ። የኋላ ማርሹ ገባ፣ ትራክተሩ ከመቃብሩ እያፈገፈገ ወጣ፣ መንገዱ ጋ ሲደርስ ሁሉም ማርሽ ሠራ። ጌታቸው ዝገት ነው አለ፣ የሰጠሁትን ሳይከራከር ተቀብሎ ባገኘው መኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፣ የማይከራከር መካኒክ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የቆቦው ሰው ትራክተሩን ገዛኝ፣ እኔም ሆጤ ላይ ሌላ ሱቅ ከፍቼ በርሜል እሸጣለሁ። ደንበኛ በርሜል ሲገዛ ጤነኛ መሆኑን በጣቱ እያንኳኳ ያያል፣ አንዳንዴ ታዲያ እጁን ካነሳ በኋላ በርሜሉ ከውስጥ ይመልስለታል። ሰውዬው የገደል ማሚቶ ነገር ይመስለዋል። እኔም አዎ እለውና ቶሎ ይዞልኝ እንዲሄድ ዋጋ እቀንስለታለሁ፣ ዋጋ የምቀንስ ሰው መሆን አለመሆኔን ደግሞ ሆጤን ጠይቅ።