«ኤምፕቲ» የተጻፈበት ካርድ

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ብዕሩ ከጣታቸው አልወጣም። አርባ ዓመት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ ኖረው፣ «ኤምፕቲ»፣ ማለትም «ባዶ»፣ የሚለው ቅጽል ላይ ሲደርሱ ልባቸው ቆመ። የልብ መድኃኒታቸው ብልቃጥ እፊታቸው ነው፤ እስከ አፉ ሙሉ። ክፍሉ ያስፈራል። ሰውየው ድንገት ቀና ብለው «ምሳሌ አምጡ!» የሚሉ ይመስል ሁሉም በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው።

የሽማግሌው ልጅ ጽሑፋቸውን በምትተይብላቸው ታይፒስት ላይ ጣቷን ቀሰረች። «የጥሪ ደወሉን ሰምታለች! አንድ ኪኒን ከምላሱ ሥር ብታደርግለት አባቴ ይተርፍ ነበር። አሳስሬሽ ነው የማድረው!»

«ብልቃጡን ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት፤ ባዶ ነበር» አለች ታይፒስቷ። «ጋሼን እዚሁ ትቼ ሐኪም ልጠራ ሮጥኩ። ስመለስ ሞልቷል። እኔ እንጃ፣ ይሄ ቤት ጤና የለውም።»

ጋሼ ያለችው ረዳታቸው ሃያ ዓመት የመዝገበ ቃላቱን ቃላት የያዙ ካርዶች ሲያርም የሸበተ ሰው ነው። «ደንግጣ ነው፤ አትፍረዱባት» አለ ለስለስ ብሎ። «ብልቃጡን ትናንት እኔው ሞልቼዋለሁ።»

መርማሪዋ ወደ ካርዶቹ ሳጥን ዞረች። «አባትሽ እንዴት ነበር የሚሠሩት?»

«ምሳሌ ፈጥሮ አያውቅም። ያየውን ነው የሚጽፈው፣ ከነሰዓቱ። ‹ዌት›፣ እርጥብ፣ ለሚለው ቃል ዝናብ እስኪመጣ ሦስት ወር ጠብቋል።»

መርማሪዋ አንድ ካርድ መዝዛ አነበበች። «‹ኤምፕቲ። ለዕቃ ሲሆን ባዶ፤ ለቤት ሲሆን ኦና። ምሳሌ፦ ብልቃጤ ባዶ ነው፤ ረዳቴ ኪኒኑ አርጅቷል ብሎ ወሰደው። ዛሬ፣ ሦስት ሰዓት።›»

ሦስቱንም በሬሳው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ሦስት ሰዓት ላይ ብልቃጡ ባዶ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ደወሉ፤ ታይፒስቷም ባዶ አገኘችው። እሷ ስትሮጥ እዚህ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ኪኒኑን ከኪሱ አውጥቶ የመለሰው እሱ ነው። ካርዱ ደግሞ በቀይ ቀለም ታርሞ፣ የፊደል ተራውን ይዞ ሳጥን ገብቷል። ቀይ ብዕር የሚይዘው ማን ነው?»

ረዳቱ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል፣ ከ‹ኤ›፣ እንጀምር አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ! ዕድሜዬን ውሃ በላው።»

«ካርዱን ለምን አልቀደድከውም?»

እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ። «ካርድ አይቀደድም። ምሳሌው ደግሞ ትክክል ነበር።»

ታይፒስቷ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። የሟቹ ልጅ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ቅድም በቀሰረችው ጣት እንባዋን ጠረገችላት።