ዘጠኝ አውራ ጣት

የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ናሆም በኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ከኋላ ጭንቅላቱን የመታው ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ አጠገቡ ወድቋል። ሬሳውን ሲያነሱት ከሥሩ አንድ ነጭ ወረቀት ወጣ። ምንም አልተጻፈበትም። ዘጠኝ የአውራ ጣት አሻራዎች ብቻ በሦስት ረድፍ ተደርድረውበታል።

«ነገሩ አልቋል» አለ ሳጅን አብዱላሂ። «አሻራው የሽማግሌው የጉዮ ነው፤ ከመታወቂያው ቅጽ ጋር አመሳክረናል። ትናንት ከሰዓት እዚህ በር ላይ ሲጮህ የነገሌ ገበያ በሙሉ ሰምቶታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ራሱ ተመልሶ መጣና ያዝነው።»

ከወደራ የተጠራችው ኢንስፔክተር አበዛሽ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«ሰው ገድሎ ዘጠኝ ጊዜ የሚፈርም አይተህ ታውቃለህ?»

«ደንግጦ ይሆናላ።»

«ደንግጦ፣ በረድፍ?»

በዘጠኙም አሻራዎች ግርጌ አንዲት ቀጭን ቀጥ ያለች መስመር ታልፋለች። በሁሉም ላይ እዚያው ቦታ።

ጉዮ ጣቢያው ውስጥ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ነበር።

«አካም፣ ኦቦ ጉዮ።»

«ናጋ» አሉ ሽማግሌው። «ሰላሙ ግን የት አለ? ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ ቦታህን ለሳላሃዲን ሸጠሃል አሉኝ። ጣትህ ይኸው አሉኝ። አየሁት፤ ጣቱ የኔ ነው። እኔ ግን አልሸጥኩም!»

«ታዲያ ፎቶ ቤቱ ጋ ለምን ጮኹ?»

«የሽያጩ ወረቀት እዛ ነው የተጻፈው። ማንም አልሰማኝም፤ ያ ልጅ፣ ናሆም ብቻ። ‹እፈልገዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ አባቴ› አለኝ።»

«ከዚያ በፊት እዚያ ቤት ፈርመው ያውቃሉ?»

«የመታወቂያ ፎቶ ስወስድ ደብተር ላይ ጣት አስነኩኝ።» አውራ ጣታቸውን ሌላ ሰው የሰጣቸው ይመስል አዩት። «እዛ ግቢ ልጆቼ፣ የልጅ ልጆቼ አሉ። እኔ እዚህ ከቀረሁ አፍርሰው ያስወጧቸዋል። ሳላሃዲን እስከ ሰኞ ነው ያለው።»

አበዛሽ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመለሰች። ከናሆም ጋር ትሠራ የነበረችው ረሆቦት ዓይኗ አብጦ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ጠዋት በሩን ከፍታ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

«ይህ ስክሪኑ ዳር በረድፍ የሚታየው ምንድን ነው?»

«ብራሽ ነው። ፎቶ ላይ የምንቀባበት። ሌላው ሰው ከፍላሽ ይገለብጣል፤ ናሆም ግን የራሱን ይሠራ ነበር። የግራር ቅጠል፣ የተሰነጠቀ መሬት፣ የመኪና አቧራ... ፎቶ አንስቶ ብራሽ ያደርገዋል። ከዚያ በተጫኑት ቁጥር ያው ቅርጽ ይታተማል።»

«ሳይለወጥ?»

«መጠኑን ካልቀየሩት በስተቀር ቅንጣት አይለወጥም። ‹መጀመሪያ ወረቀቱን አንጪው፤ ያለበለዚያ ቆሻሻው አብሮ ይታተማል› ይለኝ ነበር። ሁለታችንም...» እጇ ቆመ። በዝርዝሩ መጨረሻ አንድ አውራ ጣት ነበር። «ይሄ የሱ አይደለም! የኔም አይደለም! የደብተሩን መስመር እንኳ አላጠፉትም።»

«እንግዲያው ልጅቷ ናት» ሲል ሳጅኑ አንሾካሾከ። «ከሟቹ ሌላ በዚህ ቤት ይህን የሚችል የለም።»

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አዳነ እጁን አጣምሮ በር ላይ ቆሟል። «እኔ የካሜራ ሰው ነኝ» አለ። «ኮምፒውተር ከማብራትና ከማጥፋት ውጪ አላውቅም። የፎቶ መረከቢያ ደብተሩን ደግሞ ማንም ይነካዋል።» ደብተሩን ሰጣት። የጉዮ ስም ሊኖርበት የሚገባው ገጽ ተቀዷል።

«ልጅቷ ትንሽ ትረፍ» አለች አበዛሽ። «እስቲ እርስዎ ያንን አውራ ጣት አንዴ ያትሙልኝ።»

አዳነ ተቀምጦ ማውሱን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ አንድ ትንሽ አሻራ ወጣ።

«አልታየኝም። ተለቅ ቢል?»

ቀኝ እጁ ማውሱን ሳይለቅ ግራ እጁ ወደ ፊደሎቹ ዘለቀና አንዲት ቁልፍ ሦስት ጊዜ መታ፤ ቀጣዩ አሻራ ገዝፎ ታተመ።

«አመሰግናለሁ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ፏፏቴ በተሳለበት የፎቶ መነሻ ጨርቅ ፊት ሁሉም ተሰበሰቡ። ጉዮ በሁለት ፖሊሶች መሀል፣ የቦታው ገዢ ሳላሃዲን ሰዓቱን እያየ፣ አዳነ ወንበር ላይ፣ ረሆቦት ጥግ ይዛ።

«ሰው ጣቱን ሁለት ጊዜ ቢያሳርፍ አንዱ ይደምቃል፣ አንዱ ይፈዝዛል» አለች አበዛሽ። «እነዚህ ዘጠኙ ግን አንድ ናቸው። ከማዘጋጃ ቤት ባስመጣሁት የሽያጭ ውል ላይ ያለውም ያው ነው፤ ውሉ መስመር በሌለው ወረቀት ላይ ሆኖ ሳለ አሻራው ላይ የደብተር መስመር አለ። ስለዚህ ኦቦ ጉዮ አልፈረሙም። ከፎቶ መረከቢያው ደብተር ጣታቸውን ወስዶ ብራሽ ያደረገ ሰው ነው የፈረመላቸው። ናሆም ትናንት ፈልጎ አገኘው። ለሽማግሌው ሊያሳያቸው ዘጠኝ ጊዜ አትሞ በወረቀት አወጣው።»

«ማን ነው ታዲያ?» አለ ሳጅኑ።

«ናሆምና ረሆቦት ወረቀቱን ሳያነጡ ብራሽ አይሠሩም። ይህን የሠራው በሌሎች ትከሻ ላይ አጮልቆ የተማረ ነው። አቶ አዳነ፣ ‹ማብራትና ማጥፋት ብቻ› ብለውኝ ነበር። ተለቅ ይበል ስልዎ ግን ጣትዎ ሳያስብ ወደ ቅንፍ ቁልፏ ሄደ። ብራሽ በዚያች ቁልፍ እንደሚሰፋ ብዙ የሠራበት እጅ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

አዳነ ግራ እጁን በቀኙ ሸፈነ።

«ብራሹን ግን ለምን አላጠፋውም?» አለች ረሆቦት።

«አመሻሽ ላይ ናሆምን እንደመቱት መብራት ሄደ፤ ጠዋት ሲመጣ አንቺ ቀደምሻቸው። ወረቀቱን ሆን ብለው ተዉት። ሽማግሌውን ያሲዛል ብለው።»

ሳላሃዲን ብድግ አለ። «እኔ ደም የለሁበትም! ገንዘቡን ተቀብሎ ‹ሽማግሌው ፊቴ ነው የፈረሙት› በል ያለኝ እሱ ነው! ሲፈርሙ አላየሁም፤ ወላሂ አላየሁም!»

«አጥፋው አልኩት» አለ አዳነ፣ ለራሱ ብቻ የሚያወራ መስሎ። «ለመንኩት። ‹ጠዋት ሽማግሌው ይመጣሉ› አለኝና ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ።»

ጣቢያው ሲደርሱ የጉዮ መፈቻ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሳጅን አብዱላሂ ቀና ብሎ ሳያያቸው «ይፈርሙ፣ አባቴ» አለና የቀለሙን ቆርቆሮ አስጠጋላቸው።

ሽማግሌው ቀለሙን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። አጠገቡ ደገሙት። ጎንበስ ብለው ሁለቱን አስተያዩ። አንዱ ጠቁሯል፣ ሁለተኛው ዳሩ ፈዟል።

«አሁን የኔ ነው» አሉ።

ዱላቸውን ይዘው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ያ ልጅ ጠዋት ይምጡ ብሎኝ ነበር» አሉ ወደ አበዛሽ ዞረው። «መጥቼ ነበር እኮ።»