የታጠበው ወፍጮ

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ አልቋል። ገዳዩም ታስሯል። መጥተው ይፈርሙልን ብቻ» አለ ሳጅን ይሁኔ በስልክ።

«ያለቀ ከሆነ የኔ ፊርማ ምን ይሠራልሃል?» አለች ኢንስፔክተር ሮማን፤ ግን ጫማዋን ማሰር ጀምራለች።

ሮማን የሰው ጫማ አይታ ቁርስ ምን እንደ በላ የምትናገር ሴት ናት። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቷ ሁለቴ ብቻ ተሳስታለች፤ ሁለቱም ሰዎች ቁርስ አልበሉም ነበር። ሐሙስ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነስታ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋ ቁልቁል ስትወርድ መጀመሪያ ካፖርቷን፣ ቀጥላም ሹራቧን አወለቀች። ሸዋሮቢት ስትደርስ ከሸሚዟ በቀር የሚወልቅ አልቀረም፤ የግንቦት ፀሐይ ደግሞ እሱንም የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

ሟቹ ጋሼ ጌታሰው ነበሩ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ከጅቡቲ ጭነት ሲጎትቱ ኖረው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። በየመንገዱ የጠጡት ማኪያቶ ቢጠራቀም የሮቢን ወንዝ በክረምት ያሳፍረዋል። ጡረታ በወጡ ማግስት ከከተማው ቡና ቤቶች ሁሉ ተጣሉ፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ መብራት ሲመጣ ቡናው ያርራል ብለው። በእጅ የሚጫን ትንሽ የኤስፕሬሶ ማሽንና በእጅ የሚዞር የብረት ወፍጮ ገዙና ቤታቸው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቡና ሲፈጩ፣ ሽታው ጣርማ በር ላይ ያንቀላፋ ሹፌር ያባንናል ይባላል።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ተከራያቸው ነርስ ብሌን ከሥራ ስትመለስ፣ በረንዳው ደረጃ ሥር ተዘርረው አገኘቻቸው። የደረጃው ጠርዝ ደም ነክቶታል። ወድቀው ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን ቁስሉን አይቶ «ደረጃ እንዲህ አይመታም» አለ። ምልክቱ እንደ ጨረቃ ግማሽ ክብ ነበር፤ የመታቸው ከባድ ክብ ብረት ነው።

«ከባድ ክብ ብረት የሚገኘው ብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ነው» አለ ሳጅን ይሁኔ ጣቱን እያነሣ። «ባለ ቶርኖው ሰዲቅ ደግሞ ሰኞ አመሻሽ ሲዝትባቸው ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

በጣቢያው በር ላይ የሰዲቅ ሚስት ኢልሀም መውለጃዋ የደረሰ ሆዷን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ ሮማንን ቀና ብላ አየቻት ብቻ። ያ አስተያየት ከሃያ ገጽ አቤቱታ ይከብድ ነበር።

ሰዲቅ ክንዱ እንደ ዋርካ ሥር የወፈረ፣ ድምፁ ግን ለስላሳ ሰው ነው። ቶርኖው ላይ ሲቆም ፀጉር ሰንጥቆ፣ ስንጣቂውን መልሶ ይሰነጥቃል ይሉታል።

«ሰኞ ምን አልካቸው?»

«ይቺን ወፍጮ አናትዎ ላይ ነው የምሰብራት አልኳቸው። ወላሂ አልዋሽም እትዬ፣ ብያለሁ።»

«በምን ተጣልታችሁ?»

«በቡና። እሳቸው አንድ ስኒ በሃያ አምስት ሴኮንድ ይውረድ ይላሉ፤ እኔ በሠላሳ እላለሁ።»

«በአምስት ሴኮንድ ነው ሰፈር የምታምሱት?»

«አምስት ሴኮንድ!» ሰዲቅ መታሰሩን ረሳ። «እትዬ፣ አምስት ሴኮንድ እኮ ከመራራው ወደ ጣፋጩ የሚያሻግር ድልድይ ነው! በየቀኑ እንጣላለን፣ በየቀኑ እንጠጣለን።» ከዚያ የት እንዳለ ትዝ አለውና ትከሻው ወደቀ። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እዚህ አገር ሰው ሲሞት እስላም ክርስቲያን ሳይባል ትከሻ እንሰጣለን። እሳቸውን ሳልሸከም ከቀረሁ፣ ነገ ፍርድ ቤት ነፃ ቢለኝ ማን ያምነኛል? ልጄስ የማን ልጅ ተብሎ ያድጋል?»

ሮማን ሰዓቷን አየች። ሦስት ተኩል ሆኗል።

የጋሼ ጌታሰው ጓዳ ከቀዶ ጥገና ክፍል ይጸዳል። ወፍጮው መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ እንደ ቴርሞስ ረዘም ያለ፣ ሁለት ኪሎ የሚሞላ ብረት። ከበላዩ በካርቶን ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ይህን ወፍጮ በውሃ ያጠበ ሰው ከዚህ ቤት ቡና አይጠጣም። ብሩሹ በግራ በኩል ነው።» ብሩሹም በክር ተንጠልጥሏል።

ሮማን ወፍጮውን ዘቅዝቃ በስልኳ መብራት ጥርሱን አየችው። ቡናማ ነገር ነጠብጠብ ብሎበታል። በጥፍሯ ጫረችው። ዝገት ነው።

«ብሌን፣ እስኪ ፍቺልኝ።»

ብሌን ከላይ ያለውን ዳዶ ዓለም ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ግራ አዞረችው። እየጠበቀ ሄደ። «እኔ እንጃ! ነክቼው አላውቅም። እኔ ሻይ ነው የምጠጣው፤ ጋሼ እንደ ከሃዲ ነበር የሚያዩኝ።»

ሮማን እፍኝ ቡና ጨምራ እጀታውን አዞረች። ገጭ ገጭ አለ። የወጣው ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ጠጠር ነው። አጠገቡ ባለች ቆርቆሮ ውስጥ ግን እንደ ኩል የላመ ቡና ነበር።

«ይህ መቼ ተፈጨ?»

«ማክሰኞ ጠዋት። እኔ ቆሜ እያየሁ።»

«ማክሰኞ ስትመለሺ ሌላ ምን አየሽ?»

ብሌን አሰበች። «ሳፋው ቧንቧው ሥር ተደፍቶ ነበር። ፓፓያዋ ሥር ያለው መሬትም ርሷል። እግራቸውን ታጥበው ይሆናል ብዬ ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ ከለቀስተኞቹ ጋር መምህር በረከት ተቀምጧል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ተመድቦ የመጣ የቴክኒክና ሙያ መምህር። ጥቁር ለብሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሮማን ጫማውን አየች። ቁርስ በልቷል፣ ያውም በደንብ።

«እንደ አባቴ ነበሩ» አለ። «ያንን ወፍጮ ስናሻሽል ስንት ቅዳሜ አብረን አሳለፍን! እሳቸው ያስባሉ፣ ሰዲቅ ይቀርጻል፣ እኔ እስላለሁ።»

«መቼ ነው የተገናኛችሁት ለመጨረሻ ጊዜ?»

«ሁለት ሳምንት ሊሆነን ነው። ደብረ ብርሃን የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ላይ ነበርኩ። መርዶውን ሰምቼ ረቡዕ ጠዋት መጣሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰዲቅ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሲናደድ እጁን አያውቀውም።»

«ይህን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለች ሮማን። አመሰግናለሁ ስትል ብዙ ወንጀለኛ አንገቱን ይዳስሳል፤ በረከት ግን አላወቃትም።

በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ የሟቹን ስልክ ከፈተች። አንድ ፎቶ ላይ ስትደርስ በሁለት ጣቷ ለጥጣ ለረጅም ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ ይሁኔን ጠርታ ወደ መናኸሪያ ላከችው፤ እሷ ወፍጮውን በፌስታል አድርጋ ወደ ሰዲቅ ተመለሰች።

ሰዲቅ እጀታውን አንዴ ብቻ አዞረና ፊቱ ጠቆረ። «ማነው እንዲህ ያወላገዳት?» ዳዶውን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ወፍጮው ተከፈተ። «ሲፈጭ እየላላ ስላስቸገረን በተቃራኒ እንዲጠብቅ አድርጌ ነው የቀረጽኩት» አለ እያወጣ። «ዳዶ፣ እጀታ፣ ዘንግ፣ ኩሽኔታ፣ ጥርስ፣ ሞላ፣ ቀፎ... ሮንዴላዬ የታለች?»

«የምን ሮንዴላ?»

«ከኩሽኔታውና ከጥርሱ መካከል የምትገባ፣ ከነሐስ የቀረጽኳት። እንደ ወረቀት የሳሳች ናት። ባለፈው እሑድ ነው ያስገባናት። ጥርሱ መወላገድ ያቆመው፣ ቡናውም እንደ ኩል የላመው በሷ ነው። እሷ ከሌለች ይቺ ወፍጮ አይደለችም፣ ጸናጽል ናት!»

ሮማን ወደ ጊቢው ተመልሳ ሱሪዋን ሰበሰበችና ፓፓያዋ ሥር ተንበረከከች። ጭቃው ደርቋል። በእርሳሷ ጫፍ ሩብ ሰዓት ቆፈረች። አንድ ቢጫ ቀለበት ብልጭ አለ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ፤ ብሌን፣ በረከት፣ ሰዲቅ ከነካቴናው፣ ከመናኸሪያ እያለከለከ የተመለሰው ይሁኔ። ኢልሀም አጥሩ ጋ ቆማለች። ሮማን ነጭ ጨርቅ ላይ ሰባት የወፍጮ ዕቃ ዘረጋች።

«መምህር፣ እባክህ ግጠምልኝ። ባለሙያ ነህ።»

በረከት ደስ ብሎት ተቀመጠ። እጁ ፈጣን ነው፤ ዳዶውንም ወደ ግራ አጠበቀው። «ይኸው።»

«የጎደለ የለም?»

«ምንም። ሰባት ዕቃ ነው፣ ሰባቱም አለ።»

«ስምንት!» አለ ሰዲቅ ከኋላ። «ሮንዴላዋስ?»

«የምን ሮንዴላ?» አለ በረከት።

ሮማን ወደ ጨርቁ ጠጋ አለች።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ሮማን። «ጋሼ ጌታሰው ወፍጮውን ውሃ አያስነኩም፤ ግድግዳው ላይ ጽፈዋል። ጥርሱ ግን ዝጓል። ማክሰኞ ጠዋት ቡናው የላመ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠጠር ነው የሚወጣው። ስለዚህ ማክሰኞ ከጠዋት በኋላ አንድ ሰው ወፍጮውን ፈትቷል፣ አጥቧል፣ መልሶ ገጥሟል። ቡና ለመጠጣት የመጣ እንግዳ ወፍጮ አጥቦ አይሄድም። የሚያጥበው ደም የነካው ሰው ነው። ሐኪሙ ያየው ግማሽ ክብ የወፍጮው ጠርዝ ነው፤ ለክቼዋለሁ።»

ይሁኔ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«ማን ሊፈታው ይችላል? ብሌን አትችልም፤ ዳዶው በተቃራኒ የሚዞር መሆኑን አታውቅም። የሚያውቁት ሟቹን ሳይጨምር ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰዲቅ ቢሆን ሮንዴላዋን ይመልሳት ነበር፤ ጭቃ ውስጥ ብትጠፋበት እንኳ ቶርኖው ላይ በአሥር ደቂቃ ሌላ ይቀርጻል። ያጠበው ሰው ግን ሮንዴላ መኖሩንም አያውቅም። ከሳፋው ውሃ ጋር ደፋት፤ እንደ ጎደለችም አልገባውም።» ቀለበቷን ከኪሷ አውጥታ ጨርቁ ላይ አኖረቻት። «ወፍጮውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ ግን ካለፈው እሑድ በፊት የነበረውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው የምንፈልገው።»

«ይሄ... ይሄ ግምት ነው» አለ በረከት። «እኔ ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ነበርኩ።»

«ይሁኔ!»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተራ አስከባሪው በደንብ ያውቀዋል። ማክሰኞ አምስት ሰዓት ከሚኒባስ ወርዶ፣ ቦርሳውን እሱ ጋ አስቀምጦ በእግሩ ሄዷል። ስምንት ሰዓት ላይ ቦርሳውን ወስዶ ሽቅብ በሚሄድ መኪና ተመልሷል።»

ሮማን የሟቹን ስልክ አዞረች። ፎቶው ላይ በረከት የምስክር ወረቀት ይዞ ይስቃል፤ ከኋላው የወፍጮው ሥዕል ተሰቅሏል፣ ከሥዕሉ በታች የሱ ስም ብቻ። ዕቃዎቹ ሰባት ናቸው።

«የሦስት ሰው ሥራ ነው። አንተ በስምህ ተሸለምክበት። ጋሼ ጌታሰው ይህን አይተው ጠሩህ። ምን አሉህ?»

በረከት ወፍጮውን ከእጁ አላወረደም ነበር። አሁን እንደ ፍም ጣለው።

«ሰዲቅ ፊት ቆመህ ተናገር አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «ለሽልማቱ ግድ የለኝም፣ የሱ ስም ግን ይግባበት አሉ። ነገ እላለሁ አልኳቸው። አይ፣ አሁን፣ ልጥራው ብለው ተነሡ። ኮሌጁ ሁሉ አጨብጭቦልኝ ነበር... ጠረጴዛው ላይ የነበረው እሱ ነው። አንሥቼ... ማሰቡ የመጣው በኋላ ነው።»

«ከዚያ አስከሬኑን ደረጃው ሥር አስተኛህ፣ ወፍጮውን አጠብክ። ረቡዕ ተመልሰህ መጥተህ ደግሞ ሰዲቅን ሰጠኸኝ» አለች ሮማን። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ይሁኔ የሰዲቅን ካቴና ሊፈታ የቁልፉን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ሳተው። ሰዲቅ ስልኩ ላይ ካለው ሥዕል ዓይኑን አልነቀለም። «ለኔ ስም ብለው?» አለ። «ስሜን ማን ጠየቀ፣ ጋሼ? ቡናችንን ብንጠጣ ይሻል ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬሳው ወጣ። ወሬ እንደ ሮማን መኪና ቶሎ አይደርስም፤ ሰዲቅ ከኋላ ብቅ ሲል ሰልፈኛው ተንሾካሾከ፣ አንዳንዱም ከአጠገቡ ገለል አለ። ኢልሀም እጁን ያዘች፤ እሱም ወደ ኋላ ሊቀር ቆመ።

ከፊት በስተቀኝ ሳጥኑን የተሸከመው ሳጅን ይሁኔ ነበር። ያዩት ሁሉ እስኪደነግጡ ድንገት ቆመ፤ ሰልፉም ቆመ። የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተጣራ።

«ሰዲቅ! ና ተቀበለኝ!»

ሰዲቅ በሕዝቡ መካከል አልፎ ትከሻውን ሰጠ።