ወደ ግራ ታጠፍ

«የት ነው የምንሄደው?» አለ ጁምዓ ባጃጁን እያስነሳ።

ከኋላ ምንውየለት ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ክሊኒክ» አለች። «ዶክተር ነብዩ ጋ። ሐንዬ፣ ምለሽልኛል።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ታናሽ እህቷ ሐና ናት። እውነት ነው፣ ምላለች። ባለፈው እሑድ ያበጠውን የእህቷን እግር በሞቀ ውኃ እያሸች ሳለ ምንውየለት «ምጤ ከመጣ የመንግሥት ሆስፒታል እንዳትወስጂኝ» ስትላት፣ «እናቴ ትሙት፣ አልወስድሽም» ብላት ነበር። ያን ጊዜ ቀላል ነገር መስሏታል። አሁን የምንውየለት ባል አንዷለም ለሥራ ራቅ ብሎ ማንቡክ ከተማ ነው፤ ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ አይሠራም። እናታቸው ከአሶሳ ውጭ፣ ቤተሰቡ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥቶ በተከለው መንደር ናት። ሐና ዘጠነኛ ክፍል ለመማር እህቷ ቤት የተቀመጠች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ዛሬ ግን ከእሷ በቀር የሚወስን ሰው የለም።

ምንውየለት ክሊኒኩን የወደደችው ያለ ምክንያት አይደለም። ጸጥ ያለ ነው። ዶክተሩ በስሟ ይጠራታል፤ ስትጠይቀው ወንበሩን አስጠግቶ ይመልስላታል። ስለ ሆስፒታሉ የምታውቀው ግን ጎረቤት ያወራላትን ብቻ ነው፤ ሰው ይበዛል፣ ማን ዞር ብሎ ያይሻል፣ ተማሪ ሐኪም ከቦ ያፈጥብሻል። ራሷ ገብታ አታውቅም።

ሐና ደግሞ ባለፈው የእርግዝና ክትትል አብራት ገብታ የሰማችው ነገር አለ። ዶክተር ነብዩ የእህቷን የደም ግፊት ለክቶ ከጻፈ በኋላ፣ «እዚህ በደንብ እናዋልዳለን» አለ። «የቀዶ ጥገና ክፍል ግን የለንም፤ ደምም የለንም። ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣብሽ ወይ ዓይንሽ ብዥ ካለ እኔ ጋ ጊዜ አታጥፊ። በቀጥታ ሆስፒታል።» ምንውየለት ከበሩ ስትወጣ ስቃ፣ «ሐኪም ሲባል ማስፈራራት ይወዳል» ብላ ነበር።

ባጃጁ ገበያውን አልፎ ወደ አደባባዩ ወጣ። ክሊኒኩ በቀኝ ነው፣ ሆስፒታሉ በግራ።

«ምንውዬ፣ እስቲ እይኝ። ፊቴ ይታይሻል?»

እህቷ ዓይኗን ገለጠች። አየቻት፣ ግን ያየቻት አትመስልም። «ጭስ ውስጥ ያለሽ ነው የምትመስዪው» አለች።

ሐና ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አለች። «ጋሽ ጁምዓ፣ ወደ ግራ ታጠፍ።»

«ሐና።»

«ወደ ግራ ነው፣ ጋሼ። ሆስፒታል።»

ምንውየለት አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። «በእናቴ ምለሽ» አለች ቀስ ብላ። ሐና እጇን ልትይዛት ስትል ነጠቀቻት።

ጁምዓ በመስታወቱ አያቸው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አማርኛ የለመደው ገበያ ውስጥ ስለሆነ ለሴትም ለወንድም አንድ ዓይነት ይናገራል። «አትፍራ፣ ልጄ» አላት ለሐና። «አላህ አለ። እህትህን ያዝ፣ እንዳይወድቅ።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ምንውየለት ለመውረድ እግሯን እንደዘረጋች ሰውነቷ ግትር አለ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቀጥሎ የሆነውን ሐና በቅጡ አታስታውሰውም። የተሽከርካሪ አልጋ ድምፅ፣ የሚሮጡ ሰዎች፣ አንዲት አዋላጅ። «ራሷን ያማት ነበር? ዓይኗስ?» አለቻት አዋላጇ። ድምጿ የተቆጣ ይመስላል፤ እጇ ግን መርፌውን ወግቶ ጨርሷል።

«ባሏ የት ነው?»

«ማንቡክ።»

«ሌላ ሰውስ?»

«እኔ ነኝ።»

አዋላጇ ቆም ብላ አየቻት። «እየሩስ እባላለሁ» አለች ለስለስ ብላ። «እዚህ አግዳሚ ላይ ቁጭ በይ። ሌላ ሰው አትጠይቂ፣ እኔው ወጥቼ እነግርሻለሁ።»

ሐና ተቀመጠች። እህቷ ብትሞት የመጨረሻ ቃሏ ቅያሜ ነው፤ ይህን ብቻ ነበር የምታስበው። ጁምዓ አልሄደም። ገበያው በተሳፋሪ ሞልቶ ሳለ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ አጠገቧ ተቀመጠ።

እየሩስ እንዳለችው ወጣች። ሕፃኗ በቀዶ ጥገና ተወልዳለች፤ ሴት ናት፤ ደኅና ናት። እናትየው ግን ብዙ ደም ፈሷታል፤ ከደም ባንኩ ተሰጥቷታል፣ ሌላም ያስፈልጋል። ሐና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ አይቻልም።»

«የኔ ይሆናል?» አለ ጁምዓ ከኋላ። መልሱን ሳይጠብቅ ተነሥቶ ነበር።

በማግስቱ ምንውየለት ነቃች። ክፍሉ ጎረቤቷ እንዳለችው በሰው ተጨናንቋል። ግን ያ ሁሉ ሰው ሐናን ብቻዋን አልተዋትም። አንዷ ምንጣፍ ሰጠቻት፣ ሌላዋ ሕፃኗን ታቅፋ አፍታ አስተኛቻት። በተለይ አጠገባቸው የተኛችው ብሪቱ፣ ልጇ ያለ ጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል የገባባት የባምባሲ ሴት፣ ከያዘችው አጥሚት ሳታካፍላት አትጠጣም። «ጃባዱ» ትላታለች በኦሮምኛ፤ በርቺ ማለቷ ነው።

ምንውየለት ፊቷን ወደ እህቷ አዞረች።

«ተቀይመሽኛል?» አለች ሐና።

«እጅሽን አምጪ» አለች ምንውየለት። ያዘቻት፤ አልለቀቀቻትም። «የጁምዓን ነገር እየሩስ ነገረችኝ። ምን ብዬ ነው የማመሰግነው?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ተወው› አለኝ።»

ከሆስፒታሉ የወጡ ቀን አንዷለም በመንገድ አቧራ ነጭ ሆኖ ደረሰ። ዶክተር ነብዩም ሰምቶ ደወለ፤ «በቀጥታ መሄዳችሁ በጀ» አለ፣ ስለ ልጅቷ ክብደት ጠየቀ። ጁምዓ ባጃጁን እስከ በሩ አስጠግቶ ቆሟል። ሐና እህቷን ደግፋ አስገባቻት፤ ሕፃኗን ለአባቷ አቀበለች።

ራሷ ግን አልገባችም።

«ምነው?» አለ አንዷለም።

«ብሪቱ ብቻዋን ናት። ባሏ ልጆቹን ሊያይ ባምባሲ ሄዷል። ውኃ የሚያቀብላት እንኳ የለም» አለች ሐና። «ሲመለስ እመጣለሁ።»

አንዷለም አፉን ሊከፍት ሲል ምንውየለት ክንዱን ነካ አደረገችው። ጎረቤቶች ለእሷ አፍልተው የላኩትን ትኩስ አጥሚት ከነፔርሙሱ አንሥታ በባጃጁ መስኮት ዘረጋችላት።

«ሳይበርድ አድርሺላት» አለቻት።

ሐና ፔርሙሱን አቅፋ ወደ ግቢው ተመለሰች።