ቀዳዳ የሌላቸው ቁልፎች

የመጨረሻዋን የዛጎል ፍሬ ሙጫ ልትቀባ ስትገለብጣት፣ ጀርባዋ ላይ ሌላ ሙጫ አየች። የደረቀ፣ ቡናማ፣ የጥቁር እንጨት ስንጥር የያዘ።

ሞረድ እጇን ከጊታሩ አነሳች። ቀኑን ሙሉ ስትሞርድ ስለምትውል ጓደኛዋ ያወጣችላት ስም ነው። መሮዋ ተቀጥቅጦ በድንጋይ የተሳለ ምስማር ነው፤ መብሻዋ የጃንጥላ ሽቦ። በእነዚህ ነበር በገዛ ጊታሯ አንገት ላይ ለዛጎሎቹ ጌጥ አምስት ክብ ጉድጓዶች የፈለፈለችው። አራቱ ፍሬዎች ሳይሞረዱ ልክክ ሲሉላት «እጄ እኮ ወርቅ ነው!» ብላ ተኩራርታ ነበር። አሁን ፊታቸውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ዝርግ አይደሉም፤ እንደ ጊታር አንገት በስሱ ጎበጥ ብለዋል።

«‹የእናቴ የቀሚስ ቁልፎች ናቸው› አላልሽኝም?»

ከቅጥነቷ የተነሳ ሽቦ የምትባለው ጓደኛዋ አልጋው ላይ ተጋድማ ጥፍሯን ትቀባለች። «ናቸዋ።»

«ታዲያ ቀዳዳቸው የታለ? እናትሽ ቁልፍ በምራቅ ነው የምትለጥፈው?»

ሽቦ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። ከግድግዳው ማዶ፣ የሟቹ የሙዚቃ መምህር ባለቤት፣ ማየት የተሳናቸው እማማ፣ ማንጎራጎር ጀምረዋል። የጊታሩ ክሮች ለሥራው ወልቀዋል። ሆኖም ሆዱ ከሞረድ መዳፍ ሥር እምምም አለ። ዜማው ከፍ ሲል ይመልሳል፤ ዝቅ ሲል ያደምጣል።

«ከመምህሩ ጊታር ላይ ነው የነቀልሻቸው?»

«ቤት ሳጸዳላቸው... ነገ መድረክ ላይ ጊታርሽ ባዶ ሆኖ እንዳይሳቅብሽ ብዬ ነው! እዚያ አቧራ ከሚጠግብ።»

«አውቀዋል?»

ሽቦ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጠዋት ጠዋት አንገቱን ይዳስሱታል። ዛሬ ጣታቸው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። አልተቆጡም እኮ! ‹ባለቤቴ ራሱ መጥቶ ወሰዳቸው፤ ለጊታሩም ይመጣል› ብለው በሩን ክፍት ትተውለታል። ስሚያቸው፣ ደስ ብሏቸዋል። ዝም ብንል ማን ይጎዳል?»

ሞረድ ወደ ጊታሩ ዞረች። አራት ነጭ ዓይኖች መልሰው አዩዋት። አምስተኛው ገና አልተከፈተም።

ካውያውን ሰካች።

«አበድሽ? ነገ እኮ ነው!»

«እርጥብ ጨርቅ አቀብዪኝ።»

ሙጫው በሙቀት ሲላላ ፍሬዎቹን በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው። አምስቱንም ጨብጣ፣ የምስማር መሮዋን ኪሷ ከታ ወጣች። ሽቦ ልትከተላት ተነሳችና ደጃፉ ላይ ቀረች።

የጎረቤት በር ገርበብ ብሏል። ውስጡ ድቅድቅ ነው፤ ለማያይ ሰው መብራት ምን ያደርጋል። እግሯ ደፉን ሲነካ ዜማው ቆመ።

«መጣህ?» አሉ እማማ። ድምፃቸው የልጅ እግር ድምፅ ነበር።

ዛጎሎቹ መዳፏ ውስጥ ይሞቃሉ። ካውያው ይሆናል። ደፉ ላይ አስቀምጣቸው በእግር ጥፍሯ ብትመለስ፣ የመጣው እሱ ይሆናል።

ሞረድ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች። «ዛጎሎቹንና መሮዬን ይዤ መጥቻለሁ።»